ያጠፋሁት ጠባሳ

መካነ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ስከፍት የማውቀው ብርሃን ፊት ለፊት የሚበራ አንድ ፓውዛ ብቻ ነበር። ሰው ይቀመጣል፣ ፓውዛው ይበራል፣ ዓይኑን ያጨማትራል፣ አነሳዋለሁ። የሚወጣው ፎቶ ፖሊስ የያዘው ሰው ይመስላል። ደንበኛ ግን አያማርርም፤ ሌላው ፎቶ ቤትም የሚያነሳው ያንኑ ነው።

እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። ስናደድ ደግሞ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ፓውዛውን ወደ ጎን አዞርኩት፤ የሰውዬው ግማሽ ፊት ጠፋ። ከአረብ አገር በሚላክ ገንዘብ በየቤቱ ቴሌቪዥን እየገባ ስለነበር፣ ከካርቶኑ የሚወጣውን ነጭ ፎም ለምኜ በጨለመው በኩል አቆምኩት፤ የጠፋው ግማሽ ተመለሰ። ነጭ ዣንጥላ ገዝቼ ብርሃኑን በሱ አሳለፍኩት፤ የሰው ቆዳ ለሰለሰ። ኮምፒዩተር ሲመጣማ ጭራሽ አበድኩ። ብጉር አጠፋለሁ፣ የበለዘ ጥርስ አነጣለሁ፣ የተሸበሸበ ግንባር እዘረጋለሁ። ግብርና ጽሕፈት ቤት ሞዴል አርሶ አደሮችን ለግድግዳው እንዳነሳ ሲያዘኝ፣ ብርድ የላጠውን ጉንጫቸውን ሁሉ አለስልሼ አስረከብኩ። አንዱ የራሱን ፎቶ አይቶ «ይሄ ደግሞ የየት ባለሥልጣን ነው?» አለ። ያኔ ስቄአለሁ።

ልጅቷ የመጣችው በገበያ ቀን፣ ከአባቷ ጋር ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ከሆነ ነው። ከላይ የሰው ቀሚስ ለብሳለች፤ ከሥር የተማሪ ሹራቧ ይታያል። አባትየው ሌላ ቦታ የተነሳችውን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ።

«አረብ አገር የሚልካት ደላላ መለሰብኝ» አለ። «ከሃያ አምስት በታች የምትመስለውን አሠሪዎቹ አይወስዱም ብሎኝ። ያንተ እጅ የሰው ፊት ይቀይራል አሉኝ። ትልቅ አድርግልኝ።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እውነቱን ለመናገር አላሳዘነችኝም፤ ሥራው ነው ያጓጓኝ። እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ የሚለምነኝ ልጅ አድርገኝ እያለ ነበር። ማስረጀትን ሞክሬው አላውቅም።

ዣንጥላውን አነሳሁት። ፓውዛውን ከጣሪያው ሥር ሰቅዬ ወደ ታች ሳበራው ዓይኗ ሥር ጥላ ወደቀ። ፎሙን ሳርቀው ጉንጯ ጎደጎደ። ያስቸገረኝ ሳቋ ነው። አትሳቂ ስላት ይብስባታል።

«አንቺ ልጅ፣ ኮስተር በይ እንጂ!» አለ አባቷ። ወዲያው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽሪ፣ አሁን ያልቃል» አላት።

እሱን ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ሳቋን ያቆመችው ያኔ ነው። ያችን ቅጽበት አነሳኋት።

ኮምፒዩተሩ ላይ ከአፍንጫዋ እስከ አፏ ዳር መስመር አወረድኩላት፤ የጉንጯን ክብነት ቀነስኩ። አገጯ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጠባሳ ነበረች። አጥፋት ያለኝ የለም። እጄ ለምዶ ራሱ አጠፋት። ከዚያ ያስተካከልኩትን በዋናው ላይ አስቀመጥኩት። ሁልጊዜም የምሠራው እንደዚያ ነበር፤ ዋናውን ለብቻ ማስቀመጥ ለእኔ ቦታ ማባከን ነው። የካሜራውንም ሚሞሪ ለሚቀጥለው ደንበኛ ባዶ አደረግኩ። አባትየው ፎቶውን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ማሻአላህ» አለ። «ቁርጥ እናቷን።»

ኮራሁ። ሳምንቱን ሙሉ ለመጣው ሰው ሁሉ ያንን ፎቶ እያሳየሁ ስደነፋ ከረምኩ።

አራት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆሙ። ማን እንደሆኑ ሳይነግሩኝ አወቅኳቸው። ያንን ፊት ከዓይን ሥሩ ጥላ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እኔ የሠራሁት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ልጄን ያነሳሃት አንተ ነህ?» አሉ። እኔው ነኝ አልኳቸው። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«መደወል ካቆመች ሁለት ዓመት አለፋት። ደላላው ስልኩን ዘጋ። ከሪያድ የተመለሰች አንዲት ልጅ አቀስታ ከተማ አለች ሲሉኝ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። እዚያ ከብዙ ልጆች ጋር ታስራ ነበር። አየችውና ‹ከእኔ ጋር የነበሩት ልጆች ናቸው፣ እንደዚች ያለች ትልቅ ሴት አላየሁም› አለችኝ። በስሟ እንዳልጠይቅ ልጄ የሄደችው በሰው ስም ነው። በአላህ ይሁንብህ፣ ያላስረጀኻትን ስጠኝ።»

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። እንደሌለ እያወቅኩ የምፈልግ መሰልኩ። ፈሪ ነኝ። በመጨረሻ ያለችኝ ያስረጀኋት ብቻ እንደሆነች ነገርኳቸውና፣ መልሼ ልጅ ላደርጋት ጀመርኩ። ጥላውን አነሳሁ፣ መስመሩን አጠፋሁ፣ ጉንጯን ሞላሁ። እናትየው ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ጠባሳዋስ?» አሉ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ምን አደረገህ?»

እመልሰዋለሁ፣ የት በኩል ነበር አልኳቸው። ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አሳረፉ።

«በእርስዎ ቀኝ ነው በእሷ ቀኝ?»

ጣታቸው ቆመ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ያረቢ» አሉ። «ፍየሏ በቀንዷ ስትወጋት ደሙን የጠረግኩት እኔ ነኝ እኮ።» ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ማፈር የሚገባኝ እዚህ ጋ ነበር። እኔ ግን አሁንም ሙያዬን ይዤ ተነሳሁ። ሁለት ፎቶ አተምኩ፤ አንዱ ላይ ጠባሳውን በቀኝ፣ አንዱ ላይ በግራ አደረግኩት። ለአቀስታዋ ልጅ ሁለቱንም ያሳዩአት፣ አንዷን ታውቃታለች አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት እስካሁን ይከብደኛል።

በሚቀጥለው ገበያ ተመለሱ። ሁለቱን ፎቶዎች ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። በቁጣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

«አወቀቻት?» አልኩ።

«ሁለቱንም አገላብጣ አየቻቸው» አሉ። «ከዚያ ‹እናቴ፣ ስንት ልጅ ነው የጠፋብዎ?› አለችኝ።»