ሕመሙ ጠፋ፣ ጥርሱ ግን አልዳነም

አባቴ ትኩስ ሻይ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀምጠው ቀኝ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ። እሑድ ነበር፤ ከሰበታ ቡራዩ ልጠይቃቸው ሄጄ ነው። «ምን ሆኑ አባባ?» ስላቸው «ምንም፣ ጥርሴን ቆረጠመኝ» አሉ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው በግራ በኩል ጠጡት። ትኩስ ነገር ሲነካው የሚያምና ቶሎ የማይበርድ ጥርስ ነርቩ ክፉኛ ተቆጥቶ ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ከሐኪም አፍ ነው።

አባቴ ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። በሰፈሩ ሆዱን የቆረጠው፣ ጉንፋን የጠናበት፣ ልጅ ያለቀሰባት እናት ሁሉ የእሳቸውን በር ያንኳኳል። ከጓሯቸው ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ጦስኝ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሐኪም ቤት እንሂድ» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተወቀጠ ቅርንፉድ የተቦረቦረው ጥርሳቸው ውስጥ ጠቀጠቁ። አልዋሽም፣ በረደላቸው። ሲመለስባቸው ነጭ ሽንኩርት ከጤና አዳም ጋር ወቅጠው ያዙበት፤ ድዳቸው ተላጠ። ቀጥሎ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጥለው ጢሱን በአፋቸው ተቀበሉ። የጥርስ ትል ያወጣል ይባላል። ከጢሱ በኋላ በተጉመጠመጡበት ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ነጫጭ ነገሮች አሳዩኝና «ይኸው ትሉ!» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሙቀት የፈነዳ የእምቧይ ዘር ነበር። ነገርኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሱሉልታ ለሚኖረው ወንድሜ ለግርማ ደወልኩ። የሚያግዘኝ ሰው ፈልጌ ነበር። «አባባን አትጨቅጭቂያቸው፤ ስንቱን ያዳኑ ሰው ናቸው» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

በስንት ልመና አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። እዚያም አንጀቴ አረረ። ባለሙያው አፋቸውን በስልክ መብራት አየና አንቲባዮቲክ ጻፈላቸው፤ «ካልተሻለዎት ይነቀላል» አላቸው። ኤክስሬይ የለም። ሥሩን አክሞ ጥርሱን ማትረፍ እንደሚቻል የነገረን የለም። አባቴ ከወንበሩ ተነሡና «ለመንቀሉማ ጉጠት እኔም ቤት አለ» ብለው ወጡ። መድኃኒቱንም ጀምረው ተዉት።

ከዚያ ሕመሙ በድንገት ጠፋ። አባቴ ትኩስ ሻይ ዓይን ዓይኔን እያዩ በቀኝ በኩል ጠጡ። «አየሽ ጫልቱ? ትሉ ሞተ» አሉ። ግርማ ደውሎ ሳቀብኝ። ማሸነፋቸው ቢያናድደኝም ደስ አለኝ፤ አባቴ እንቅልፍ አግኝተዋል።

የሞተው ነርቩ ነበር። መግሉ ውስጥ ውስጡን ይሠራ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ መንጋጋቸው ሥር እብጠት ወጣ። የሞቀ ቅጠል አሰሩበት። እብጠቱ ወደ አንገታቸው ወረደ። ስደርስ አፋቸው አይከፈትም። ምላሳቸው ወደ ላይ ተገፍቷል። ድምፃቸው ታፍኗል። ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው በፎጣ ይጠርጋሉ።

«አባባ፣ ይነሡ» አልኩ። በእጃቸው እምቢ አሉኝ።

ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ጩኸቴን ሰምተው ገቡ። አንዴ አዩዋቸውና «ኦቦ ቶሎሳ፣ እምቢ ካሉ ተሸክሜዎት ነው የምሄደው» አሉ። መኪናቸው ውስጥ አስገባናቸው። እስከ ከተማው ሆስፒታል ድረስ ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ሄድኩ።

ሐኪሟ ብዙ አላወራችም። «የጥርሱ መግል አንገት ውስጥ ገብቷል። መተንፈሻቸው ሊዘጋባቸው ነው። አሁኑኑ መከፈት አለበት» አለችኝ። ፈረምኩ። ወሰዷቸው። ከመንጋጋቸው ሥር ቀደው መግሉን አወጡ። ጥርሱንም ነቀሉት። ግርማ ከሱሉልታ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

አባቴ ተረፉ። አንቲባዮቲኩ በደም ሥራቸው እየገባ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ መጀመሪያ አጥሚት በማንኪያ፣ ኋላ የራሰ ፍትፍት መዋጥ ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደተመለሰ የጠየቁት የመጀመሪያ ነገር ዳማከሴውን ውሃ ያጠጣው ሰው መኖሩን ነበር። እኔ ግን ከደስታዬ ጋር ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ በጊዜው ሥሩ ቢታከም ኖሮ ያ ጥርስ ዛሬም አፋቸው ውስጥ ይኖር ነበር።

ኤክስሬዩ አጠገቡ ያለው ጥርስም ሥሩ ድረስ መቆጣቱን ስላሳየ፣ ካገገሙ በኋላ ሩት ካናል የሚባለው የሥር ሕክምና ተጀመረላቸው። የጥርስ ሐኪሙ በማደንዘዣ አደንዝዞ ጥርሱን ከላይ ከፈተው፤ የተበላሸውን ነርቭ እንደ ክር በቀጠኑ መሣሪያዎች ጠርጎ አወጣ፣ የሥሩን ቱቦዎች አጥቦ ጊዜያዊ መድኃኒት አስቀመጠበትና ሌላ ቀን ቀጠረን። በመጨረሻው ቀጠሮ ቱቦዎቹን ሲሞላ አባቴ በአፍንጫቸው አሸተቱ።

«ቅርንፉድ ነው!» አሉ፣ አፋቸው እንደተከፈተ።

ሐኪሙ ሳቀ። «ልክ ነዎት አባቴ፣ ከቅርንፉድ የሚገኝ ዘይት አለበት። እኛ ግን ቱቦውን ካጸዳን በኋላ ነው የምናስገባው። እርስዎ ከላይ ሲጠቀጥቁት ሕመሙን ያደነዝዛል፤ ታች ያለው መግል ጋ አይደርስም።»

አባቴ የንግግሩን መጀመሪያ ብቻ ይዘው ቡራዩ ገቡ። ሰፈሩን ሁሉ «ሐኪሞቹም የሚያክሙት በእኔ መድኃኒት ነው» እያሉ ዞሩ። እኔ ተቃጠልኩ፤ ግርማ ግን በዚህኛው አልሳቀም። በቅርቡ ጉንጯ ያበጠ ሴት መጣችባቸው። ቅጠል ሊቀነጥሱላት ነው ብዬ ልነሣ ስል የአንገታቸውን ጠባሳ አሳዩዋትና «እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ» አሏት።

የቀደደችውን ሐኪም፣ ሥሩን ያከመውን ሐኪምና ጋሽ በቀለን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደኔ ለምታስታምሙ የምላችሁ ይህ ነው፦ በቅጠሉ አትጣሉ፤ እኔ ብዙ ጊዜዬን የጨረስኩት በዚያ ነው። ሕመሙ በራሱ ሲጠፋ አትረጋጉ፤ ኤክስሬይ አስነሡ። «ይነቀል» ብቻ ከተባላችሁ ሥሩ መታከም ይችል እንደሆነ ሌላ ቦታ ጠይቁ። መንጋጋ ካበጠ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ግን ምክር የለም፤ ይዛችሁ ሩጡ።

አባቴ ስለጮህኩባቸው ለብዙ ጊዜ አኩርፈውኝ ነበር። ስሄድ ወንድሜን እንጂ እኔን አያናግሩም። ቻልኩት። የሚያኮርፈኝ አባት ስላለኝ ተመስገን አልኩ።