ሄቲ ከከንፈር ያነበበችው ትግል

ብርድ ሲጠና የሽመና ከተማዋ የሃስልደን ሰዎች የመዋኛ ገንዳቸውን በሳንቃ ከድነው የትግል አዳራሽ ያደርጉታል። ውሃው ግን ከሥር እንዳለ ነው። ሕዝቡ እግሩን ሲመታ ታች ያለው ውሃ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ለስለስ ብሎ ይተነፍሳል፤ እንፋሎቱም በሳንቃው ስንጥቅ ሾልኮ መብራቱን ያደበዝዘዋል። በዚያ ጉም ውስጥ፣ ከገመዱ መሃል የቆሙት ተጋጣሚዎች መሬት የረገጡ አይመስሉም። ሄቲ ግሪምሾ ሃያ ሁለት ክረምት ሙሉ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ፣ ኮምጣጤ የተረጨበት ጥቁር አተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ አይታቸዋለች።

ሄቲ ሸማኔ ነበረች። በአሥራ አራት ዓመቷ ፋብሪካ ገብታ ጡረታ እስክትወጣ ከዚያው ነበረች። አራት መቶ የሽመና ማሽን በአንድ ጣራ ሥር ሲንኳኳ የሰው ድምፅ ከጥርስ አያልፍም። ሴቶቹ ታዲያ ከንፈራቸውን እየለጠጡ ያለ ድምፅ ማውራት ለመዱ። ሐሜቱም፣ መርዶውም፣ የሰርጉ ወሬም ሁሉ የሚያልፈው በዚሁ ነበር።

ለሄቲ ምስጢር ያተረፈላትም ይኸው ልማድ ነው። እነዚያ ሊገዳደሉ የደረሱ የሚመስሉ ተጋጣሚዎች ተናንቀው ሲያቃስቱ ይነጋገራሉ። "ቀስ፣ ትከሻዬን" ይላል አንዱ። "አሁን ጣለኝ" ይላል ሌላው። መጀመሪያ የደረሰችበት ጊዜ ተታለልኩ ብላ ሁለት ሳምንት ቀረች። በሦስተኛው ተመለሰች። ስታስበው፣ ጠላትን መጣል ማንም ያደርገዋል፤ አንገትን አምኖ ለሌላ ሰው ክንድ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ትግሉ ለእሷ እንደ ጨርቅ ሆነ፤ አንዱ ድር፣ አንዱ ማግ። ይህን ለባሏ ሳትነግረው ሞተ፤ አጠገቧ ለምትቀመጠው ለኖራም ትንፍሽ አላለችም። ኖራ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጎረቤቷ ነበረች። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት እንኳ አንዱን ተጋጣሚ በጃንጥላ የመታች ሴት ናት። እንዲህ ከልቧ የምትማታ ሴት ምንም አታውቅም ብላ ሄቲ ደምድማለች።

ያ ቅዳሜ ግን እንደ ሌላው ቅዳሜ አልነበረም። መድረክ ላይ የወጣው ኔቪል ነው፤ የሟች እህቷ ልጅ፣ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የቧንቧ ሥራ ይማራል፤ ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ ከዚህ ገመድ መሃል ነው። የትግሉ አዘጋጅ ሚስተር ፊልዲንግ ቁርጡን ነግሮታል፦ "ያለህ ይህ አንድ ቀን ነው። ሰው ካዛጋ ወደ ቧንቧህ።"

የሚገጥመው ሴፕ ዳክዎርዝ የሃምሳ አንድ ዓመት አንጋፋ ነው። ጆሮው እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተጨማዷል። መድረክ ላይ የክፉው ሰው ድርሻ የእሱ ነው፤ ሕዝቡ ትኬት የሚቆርጠው እሱን ለመጥላት ነው።

"ሴፕ፣ ለዚያ ሆድ ለብቻው ትኬት አልተቆረጠም?" አለች ኖራ።

"ለሆዴስ ከፍያለሁ፤ ያንቺን አፍ ነው በነፃ ያስገቡት" አላት ገመዱን ተደግፎ።

ኖራ ተደስታ ሄቲን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። "ምነው ዝም አልሽ አንቺ?"

"ልጁን እያየሁ ነው።"

"ብታዪው አትጠቅሚው። ብዪ አተርሽን።"

ደወሉ ተደወለ፤ ተጨባበጡ። ሴፕ ወዲያው የልጁን የእጅ አንጓ ይዞ ጠመዘዘው። ኔቪል ወደ ፊት ተገለበጠ፣ በጀርባው ተንከባለለ፣ በአንድ ዝላይ ቆመ። ሲቆም ጥምዘዛው ተፈትቶ የሴፕ አንጓ በእሱ እጅ ነበር። አዳራሹ ባንድነት ተነፈሰ። የአንጋፋው ፊት ተቆጣ፤ ከንፈሩ ግን "ጎሽ፣ አትቸኩል፣ ተንፍስ" ይል ነበር። ሄቲ አተሯን ረሳች። አንዱ ሲቆልፍ ሌላው ሲፈታ፣ እጅ በእጅ ሥር ሲያልፍ፣ ጊዜው ራሱ የዘገየ መሰላት። ሰውነታቸው ሳይሆን ጥላቸው የሚታገል፣ ጥላቸውም ከሳንቃው ሥር ባለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መሰላት።

በሁለተኛው ዙር ሴፕ ዳኛው ዞር ሲልለት በክርኑ ወጋው። ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። ቀጥሎ የልጁን ትከሻ ምንጣፉ ላይ አጣብቆ ሦስት አስቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ የጣለ ያሸንፋል። ይህ የሚገባ ነው፤ ጀማሪ ሲነሣ ደስ እንዲል መጀመሪያ መውደቅ አለበት።

ስህተቱ የመጣው በሦስተኛው ዙር ነው። ኔቪል ቸኩሎ ዞረና ለደረቱ የታሰበው የሴፕ ክንድ ጆሮው ላይ አረፈ። ተንገዳገደ። እንዳይወድቅ ሴፕ ከኋላው አንገቱን አቅፎ ያዘው፤ ለሕዝቡ ማነቅ ይመስላል።

"ጎንበስ ብለህ ቀኝ እግሬን ያዝ" አለው ሴፕ ከጀርባው።

ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ሴፕ ደገመው። አንዱ የኔቪል ጆሮ በምቱ ደንዝዟል፤ ሌላውን የሴፕ ክንድ ደፍኖታል። ቆሙ። ቆይታው ረዘመ።

"እንቅልፍ ወሰዳቸው መሰለኝ፤ ብርድ ልብስ አምጡላቸው" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ጥቂቶች ሳቁ። በሩ አጠገብ ፊልዲንግ ሰዓቱን አየ።

የኔቪል ፊት ወደ እሷ ነበር። ከንፈሯን ብትከፍት ኖራ አይታ ምስጢሩን ታውቃለች፤ የዕድሜ ልክ ደስታዋ ይበላሽባታል። ባትከፍት ልጁ ወደ ቧንቧው ነው። ሄቲ ከንፈሯን እንደ ማሽኑ ቤት ጊዜ ለጠጠችው፦ ጎንበስ። ቀኝ እግሩን። ኔቪል ዓይኑን ገርበብ አድርጎ አያት። በልጅነቱ የአክስቱን ሐሜት ለመስረቅ ሲል ይህን ቋንቋ ለምዶታል። ጎንበስ አለና እግሩን ያዘ።

ቀጥሎ ዳኛው መሃል ገብቶ የሴፕን አፍ ከለለባት። ምን እንዳለ ጠፋት። ያኔ አንድ እጅ ጉልበቷን ነካት። ዞር ብትል ኖራ ናት፤ ድምፅ የለም፣ ከንፈሯ ብቻ ይሠራል።

በትከሻህ አንሣኝ ነው የሚለው። ንገሪው፤ ምን ታፈጥጫለሽ?

ሄቲ ወደ ልጁ ስትመለስ ከኖራ ወዲያ ቤሪል፣ ከቤሪል ወዲያ ሌሎቹም፣ ሰባት አሮጊት ሸማኔዎች በዚያ ጉም ውስጥ ከንፈራቸውን እኩል ያንቀሳቅሱ ነበር። በትከሻህ። በትከሻህ። ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ምንም አላየም።

ኔቪል አነሣው። ያ ትልቅ ሰው ከመብራቱ ሥር በአየር ላይ ተንጋለለ፤ ለሄቲ እስካሁንም የወረደ አይመስላትም። ሲወርድ ሳንቃው ጮኸ፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ። አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

በመጨረሻው ዙር ሴፕ አሸነፈ፤ መጀመሪያም የታሰበው እንዲሁ ነበር። ሳንቲም ግን እንደ በረዶ ምንጣፉ ላይ ወረደ፤ በዚያ አገር ሕዝብ ትግሉን ሲወድ እንዲህ ያደርጋል። ትግሉ ሲያልቅ ሴፕ የልጁን እጅ አልጨበጠም፤ ክፉ ሰው ካሸነፈ በኋላ አይጨብጥም። ሲወርድ በፊተኛው ረድፍ ፊት ቆም ብሎ ከንፈሩን ለጠጠ። እሜቶች፣ እግዜር ይስጥልኝ።

"ታዲያ ባለፈው ዓመት ያን ተጋጣሚ ለምን በጃንጥላ መታሽው?" አለቻት ሄቲ ኖራን፣ ድምፅዋን አውጥታ።

"እሱ ነዋ ያለኝ። 'በዚህ በኩል፣ እታለም፣ ቀስ ብለሽ' አለኝ።"

ሚስተር ፊልዲንግ ኔቪልን ትከሻውን ይዞ አንድ ነገር ነገረው። ልጁ ጆሮውን በመዳፉ እየመታ አንገቱን አዘነበለ፤ አልሰማም። ግራ ገብቶት ወደ አክስቱ ዞረ።

ሄቲ የፊልዲንግን አፍ ጨርሳ እስክታነብ ጠበቀች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ እንዳያመልጠው አድርጋ አቀበለችው፦ ሐሙስ። ደግሞ። ና።