ያጠብኩት መኪና

ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ ሰሃን ላይ ተረስቶ የከረመ ግማሽ ሎሚ አነሳሁ። ከሥሩ ሰሃኑ ዝጎ ነበር። ያ ኮምጣጣ የብረት ሽታ አባ ሰይድን አመጣብኝ።

አባ ሰይድ ቆቦ ውስጥ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ማሽላ የሚያመላልሱበት ሰማያዊ የጭነት መኪና ነበራቸው። አንድ ቀን ወባ አልጋ ላይ ጥሏቸው ቁልፉን ለብቸኛ ልጃቸው ለመሐመድ ሰጡት። መኪናው ዋጃ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተገለበጠ። መሐመድ እዚያው ቀረ፤ መኪናውንም ብረት ገዢዎች ቆራርጠው ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ አባ ሰይድ ያንኑ መኪና ክንድ በሚያህል ቁመት ከዘይት ቆርቆሮ ይሠሩ ጀመር። ጎማውን ከአሮጌ ሸበጥ ቆረጡት። ሰማያዊ ቀለም የቀቡት ዕለት ያየ ሁሉ አደነቀ፤ እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

"ይኼማ የሰው መኪና ነው" አሉ።

ማስረጀት ያዙ። ቀለሙን በሸክላ ስባሪ እየፋቁ፣ ሎሚና ጨው እየቀቡ ፀሐይ ላይ ያዝጉታል። የጎሊና ወንዝን ደለል በዶሮ ላባ ጎማው ላይ ይነሰንሳሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ አያለሁ። አንድ ቀን የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ሲያሹ ብዙ ቆዩ።

"እዚህ ላይ ክንዱን ያስደግፍ ነበር" አሉኝ። "ቀለሙን የበላው የመሐመድ ክንድ ነው።"

ወራት ፈጀባቸው። የዒድ ዋዜማ መንደሩ ሁሉ ቤቱን ሲያጸዳ፣ አባ ሰይድ መስጊድ እንደሄዱ፣ ደስ ይበላቸው ብዬ መኪናውን በሳሙናና በአሸዋ ፈተግኩት። ዝገቱም፣ አፈሩም፣ ሰማያዊውም አብሮ ሄደ። ቆርቆሮው አበራ።

ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከዚያ ተቀምጠው መኪናውን ጭናቸው ላይ አደረጉና በጣታቸው ዳበሱት።

"አባባ፣ አማረ?" አልኳቸው።

"አምሯል ልጄ። አላህ ያሳድግሽ።"

ድምፃቸው እንደ ሌላው ቀን ነበር። ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ በበሩ ብቅ ብለው አዩና ተመልሰው ገቡ። ከውስጥ ሲያለቅሱ ስሰማ ነው ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ።

አባ ሰይድ ቆርቆሮ ዳግመኛ አልነኩም። ጠዋት ጠዋት እዚያው ቦታቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጡ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። እማማ ዘሃራ ወደ እህታቸው ሊሄዱ ዕቃ ሲሸክፉ መኪናውን እጄ ላይ አኖሩት።

"ለእኔ እንዴት ይሰጡኛል?" አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

"ሲሠራው አጠገቡ የነበርሽ አንቺ ነሽ። እንዴት እንደነበረ ታውቂዋለሽ።"

ያን ጊዜ አውቀው ነበር። ቀለም ገዝቼ፣ ብሩሽ ይዤ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። ከዓመት ዓመት የማስታውሰው እያነሰ ነው።