ሶሊያናን ለማቆያው ሳለማምዳት

ከባቱ የወጣን ዕለት፣ ሚኒባሱ ገና ሳይሞላ ሶሊያና ማሳል ጀመረች። እናቴ መስኮቱን ይዛ «ተዪልኝ፣ እኔ አሳድጋታለሁ» አለችኝ። እሷ ግን ደክማለች፤ እኔም አዳማ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ። የሦስት ዓመት ልጄን ታቅፌ፣ በአፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒቷን፣ ፓፏን፣ ጨብጬ ሄድኩ።

የሁለት ሰዓት መንገድ ስደት ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ የባቱ ሰዎች። አስም ያለባት ልጅ ይዛችሁ ሞክሩት! እዚህ የሐይቅ አየር የለ፣ አሳው እንደኛው ትኩስ አይደል፤ ነፋሱ ደግሞ አቧራውን አንስቶ ፊት ላይ ይደፋዋል።

አከራዬ ገና በሩ ላይ «ሳሏ ይጋባል?» አሉኝ።

«አይጋባም እትዬ፣ አስም ነው።»

«ካልተጋባ ምን እንዲህ ያስጮሃታል?»

የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ ባሱ። «መድኃኒት አንሰጥም። ካመማት እንደውልልሻለን።»

«ፋብሪካ ስንገባ ስልክ እናስረክባለን።»

«እንግዲህ እንዳያማት ጸልዪ።»

እያለቀስኩ ስወጣ ጫልቱ የምትባል የማቆያው ሞግዚት በር ላይ ደረሰችብኝ። «ወንድሜም አስም አለበት። አሰጣጡን አሳዪኝ» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ መድኃኒቱ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ጽፋ ማኅተም መታችበት። ኃላፊዋ ማኅተሙን ሲያዩ ለሰለሱ። የፋብሪካው አለቃዬም ከማቆያው በእሱ ስልክ እንዲደውሉልኝ ተስማማ።

ሶሊያናን በአሻንጉሊቷ አለማመድኳት። «ደረቴ ጠበበኝ በይ።» እየሳቀች «ደረቴ ጠበበኝ!» ትላለች። እኔ በሳቋ መሃል ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አለቃዬ «የሶሊያና እናት!» ብሎ ተጣራ። ሮጬ ደረስኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያደረገልኝ እሱ ነው።

«ጫልቱ ነኝ። ክፍሉ ሲጠረግ አቧራ ተነሳባት። ራሷ መጥታ ደረቴ ጠበበኝ አለችኝ። ወረቀቱ እንደሚለው ሰጠኋት፤ አሁን ተሽሏታል።»

«ድምፅዋን አሰሚኝ!»

«እማ፣ ዥዋዥዌ አለ እኮ» አለችኝ ልጄ።

ወደ ስፌት መኪናዬ ተመልሼ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። አሁን ክፍሉን ልጆቹ ሲወጡ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። እኔ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

እሑድ እናቴ ደወለች። «ትንፋሿ እንዴት ነው?»

«ደህና ናት እማዬ።»

«ያንቺስ?»

ከወዲያ፣ ከባቱ፣ የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጋሪው እስኪርቅ አዳመጥኩ።