የሰርቨሩ ዘጠኝ ደቂቃ

የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የጭነት ድርጅት ነው። ኮምፒውተሮቹን የምመራው እኔ ነኝ። የሠራተኛው ኮምፒውተርም ሆነ መግቢያው ላይ ያለው የጣት አሻራ ማሽን ሰዓት የሚወስዱት ከአንድ ዋና ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ከኢንተርኔት መውሰድ ነበረበት። ፋየርዎሉ፣ ማለትም የኔትወርኩ ዘበኛ፣ ግን መንገዱን ዘግቶበት ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቀን ሰዓቱ ተዛባ። መንገዱን እንደ መክፈት፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በተቀመጥኩበት ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁና የሰርቨሩን ሰዓት በዚያ ልክ በእጄ ሞላሁት። ስልኬን እንኳ ከኪሴ ለማውጣት ሰነፍኩ።

መዝገብ ቤት አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው። ሌላው በሰርቪስ ቀድሞ ይደርሳል። ሰርቪሱ እሳቸው ወደሚኖሩበት ለሚ ኩራ ስለማይሄድ እሳቸው በታክሲ እየተጋፉ ለጥቂት ነው የሚደርሱት። ማሽኑ በየጠዋቱ አረፈዱ ይላቸው ጀመር። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ በሦስተኛው ኮሚቴ ተቀመጠ።

ስልካቸውን አውጥተው፣ "እኔ በሰዓቴ ነው የምገባው፤ ይኸው እዩት!" አሉ።

ኮሚቴው ወደ እኔ ዞረ። ኮምፒውተሮቹን አየኋቸው፤ ሁሉም አንድ ሰዓት ያሳያሉ። "ማሽኑ ልክ ነው፤ የሁሉም እኩል ነው" አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ሁሉም ከአንዱ እንደሚገለብጡ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሴትዮዋ ከሥራ ተሰናበቱ።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ የቢሮው ግድግዳ ሰዓት ላይ ሳፈጥ አይቶ ሳቀ። "እሱን አትመነው፤ እንግዳ ቶሎ እንዲነሳልኝ ዘጠኝ ደቂቃ አስቀድሜዋለሁ" አለኝ።

ሄጄ መንገዱን ከፈትኩ፤ ሰርቨሩ ትክክለኛውን ሰዓት ወሰደ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። የሆነውን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። "ያለቀ ነገር አትቀስቅስ፤ ለአንተም አይበጅህም" አለ። ዝም አልኩ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ወር ሴትዮዋን ቦሌ ሚካኤል አገኘኋቸው። አንድ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ይተክላሉ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

"ልጄ፣ በአንተ እኮ አልቀየምኩም። ለካ ወደ ኋላ የሚቀረው የእኔ ስልክ ኖሯል! የዚያን ቀን ስወጣ ከማሽናችሁ ጋር እኩል አደረግኩት። እዚህ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም።"

ስልኩን አሳዩኝ። ዘጠኝ ደቂቃ ይቀድማል።

"ጥሩ አደረጉ" አልኳቸው።