ድርብ አንበሳ

ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ስመረምር ኖሬ ጡረታ ብወጣም፣ ዓይኔ እንከን መፈለጉን አልተወም። አቃቂ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ ለየት ያለ ሳንቲም ሲያገኝ ያስቀምጥልኛል። አንዱ የአንድ ብር ሳንቲም መሃሉ ከቀለበቱ ወደ ጎን ያፈነገጠ ነው። ሌላው ላይ ደግሞ ከአንበሳው አገጭ እስከ ጠርዙ የፀጉር ያህል የቀጠነ ጉብታ አለ፤ ማተሚያው ሲሰነጠቅ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ የሚተወው ምልክት ነው።

አምና አንድ ቀን አንበሳው ድርብ ሆኖ የታተመበት አገኘሁ። ጎፈሩ ሁለት፣ አፍንጫው ሁለት። እልል ማለት ነው የቀረኝ። በማግስቱ ሁለተኛ ሳገኝ ይዤው ወደ ሱቁ ሄድኩ።

ባለሱቁ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጠው።

"እማማ፣ ለእኔ አንድ አንበሳ ነው የሚታየኝ።"

"አንተ ደግሞ! ደህና አድርገህ እየው እንጂ።"

ከመሳቢያው ሌሎች ዘግኖ ባንኮኒው ላይ በተናቸው። "እነዚህስ?"

ሁሉም ድርብ ነበሩ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ፊቱ ተለውጧል።

"እስቲ ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑ።"

ሸፈንኩ። በቀኙ ሁለት አንበሳ። ቀኙን ስሸፍን አንድ ብቻ ቀረ።

"አባቴም መብራቱ ሁለት ሆነብኝ ይል ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እርጅና ነው ብለን ተውነው። በኋላ ጨርሶ ጨለመበት። ይነሱ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"የደመወዝ ሰሞን እኮ ነው፤ ገበያህስ?"

"ወላሂ፣ ዛሬ ሳልወስድዎ አልውልም።"

ሱቁን ቆልፎ በባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወሰደኝ። የዓይን ሞራ ነበር። ሐኪሟ በጊዜ መምጣቴን ነግራኝ ቀጠሮ ሰጠችኝ፤ ቀዶ ጥገናውም በሰላም አለቀ። ከዚያ በኋላ የባለሱቁ ሚስት ጠዋት ማታ እየመጣች የዓይኔን ጠብታ ታደርግልኝ ነበር። እኔ ልጅ የለኝም፤ የወለደ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ያገኛል እያልኩ አስባለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የወጣሁ ዕለት ሱቁ በር ላይ ቆሜ አየሁት።

"አንተ! ሸበትክ እኮ!"

"ከሸበትኩ ቆየሁ እማማ፤ ያላዩኝ እርስዎ ነዎት።"

ሳቅ ይዞኝ ስጠጋ እንባዬ ቀደመኝ። ራሱን በሁለት እጄ ይዤ ግንባሩን ሳምኩት።