ባለ ሁለት ጭራዋ ቢራቢሮ

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲገፈትሩኝ፣ ዐይኔ ገና ጨለማውን ሳይለምድ አፍንጫዬ ሁሉንም ነገረኝ፤ የበቅሎ ሽንት፣ የሻገተ ጭድ፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው። ቤቱ ኮልፌ ከዳገቱ አናት ላይ የነበረ የአንድ ባላባት በረት ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ በቅሎዎቹን ለራሱ ወሰደና በእነሱ ቦታ እኛን አስገባ። አሥራ አራት ነበርን። እኔ የተያዝኩት ለአርበኞች ጨው ታቀብላለህ ተብዬ ነው። አቀብል ነበር። ስለዚህ ያለ ጥፋቴ ታሰርኩ ብዬ አላማርርም፤ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ቦታ የሰጡኝ ከጎጃም የመጡ ኮርቻ ሠሪ ሽማግሌ ናቸው።

"ና ወደዚህ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጥ" አሉኝ። "ይሄ በቅሎዋ የቆመችበት ነው። ከኛ እሷ ትጸዳለች።"

እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። በዚያ ቤት የሚያስቅ ነገር ከተገኘ ያገኙት እሳቸው ናቸው።

የእስር ቤቱን ሐኪም ሁላችንም "ዶቶሬ" ነበር የምንለው። ስሙን አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈለግኩም። በሳምንት አንድ ቀን መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ይቆማል፣ ወደ ውስጥ ይመለከታል፣ ይሄዳል። ሕክምናው ይኸው ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ዝናብ አንድ ሁለት ቀን ጣለና መስኩ ለመለመ። ያኔ ዶቶሬ ሌላ ሰው ሆነ። ከነጭ ሻሽ የተሰፋ ከረጢት በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አስሮ ቢራቢሮ ማሳደድ ጀመረ። ዕቃ ተሸካሚ አስፈለገው፤ ከእስረኞቹ እግሩ ያላበጠ እኔ ስለነበርኩ እኔን አወጡኝ። የሚጠብቀኝም የሚያስተረጉምልንም አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር ነበር፤ ወሬ የማያበዛ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው።

የምሸከመው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሚያንቅ ሽታ ያለው ጠርሙስ፣ ቢራቢሮዎቹ የሚሞቱበት። ሁለተኛው የመድኃኒት ሳጥን ነው፤ ውስጡ ግን መድኃኒት የለም፣ ስፒልና ጥጥ ብቻ። ጥጡ ለቢራቢሮዎቹ መኝታ ይነጠፋል። በረቱ ውስጥ ቁስሉ ትል ያወጣ ሰው ነበር፤ የሚጠርግበት በእጅጌው ነው። ሦስተኛው ባልዲ ነው። ባልዲው ውስጥ የተበላሸ ሥጋና የበሰበሰ ሙዝ አለ፤ በየቁጥቋጦው ሥር እያስቀመጥኩ እንድጠብቅ ታዝዣለሁ። ቢራቢሮ የአበባ ወዳጅ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የሚያምሩት ግን አበባ ዘወር ብለው አያዩም። የሚወርዱት ትኩስ ፋንድያ ላይ፣ ጥንብ ላይ ነው።

ሥራውን ቻልኩበት፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ቢራቢሮዎች የግራዋ ቅጠል ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ፤ ያኔ ቢቀርቧቸውም ቶሎ አይነሡም። የእሳት እራት ደግሞ ቀኑን የጥድ ግንድ ላይ ተለጥፎ ይተኛል፤ ቅርፊት ስለሚመስል ያላወቀበት እጁን ይጭንበታል። እኔ ከሩቅ እለየው ነበር። የጥዱ ቅርፊት ሽቅብ ነው የሚሰነጠቀው፤ የእሱ ክንፍ መስመር ግን አግድም ይሄዳል። ጣቴን ስቀስር ዶቶሬ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። ነፋሱ፣ የረጠበው ሣር ሽታ፣ ከዚያ በረት መውጣቱ ራሱ ደስ ያሰኘኝ ቀን ነበር። ያን ደስታ ሳስታውሰው ዛሬም ራሴን እጸየፋለሁ።

የያዘውን ሁሉ በስፒል ከወጋ በኋላ ስሙንና ቦታውን በትንሽ ወረቀት ላይ በአማረ ጽሕፈት ይጽፋል። ባገሩ ቋንቋ የሚጠራበትንም ስም ይፈልግ ነበር።

"ስሙን ይጠይቅሃል" አለኝ አስካሪው በመጀመሪያው ቀን።

"ቢራቢሮ" አልኩ።

"ይሄኛውስ?"

"እሱም ቢራቢሮ።"

ዶቶሬ ቱግ አለ። አስካሪው መሬት መሬት እያየ፣ "ላገራችሁ ነገር እንኳ ስም የላችሁም ይላል። ስም የማያውቅ ሰው ከሆነ ሌላ እፈልጋለሁ ይላል" አለኝ።

እንግዲያው ስም ይውሰድ አልኩ። ለነጩ "የቄስ ጥምጣም"፣ ለጥቁሩ "የዳኛ ካባ"፣ እያልኩ እዚያው ፈጠርኩለት። እየደጋገመ አስጠርቶኝ ይጽፋል። ማታ ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" አሉ። "አንጥፍለት ልጄ፣ አንጥፍለት። ግን እንኳን ቢራቢሮ ወደደ። ዝንብ ቢወድ ኖሮ ከዚህ ቤት አይወጣም ነበር።"

ሰኔ በገባ በሳምንቱ እሳቸውንም ተቅማጡ ያዛቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከቆዳና ከአጥንት በቀር ምንም አልቀራቸውም። መስክ ላይ ዶቶሬ አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ ጥጥ ላይ ሲያስተኛ አስካሪውን ለምኜ ነገሩን አስነገርኩት። ቀና ሳይል መለሰ።

"ነገ ያያቸዋል" አለኝ አስካሪው።

በማግስቱ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። መሐረቡን ሳያነሣ አንድ ቃል ተናገረና ሄደ። ቃሉን አስካሪውን ጠየቅኩት። "ሽማግሌ ነው፣ ነው ያለው" አለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ እጄን ያዙኝ።

"ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳላችሁ?"

"ከደኑ አፋፍ እንደርሳለን።"

"ካህን አይጠፋም እዚያ?"

"አይጠፋም።"

"እንግዲያው ጆሮህን አምጣ።"

የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። በእኛ ሥርዓት ሰው ሲሞት ካህኑ የሚፈታው በክርስትና ስሙ ነው፤ ሰው የሚጠራበት የዓለም ስም ለዚህ አይሆንም። የሳቸውን የሚያውቁት ጎጃም ያሉት ቤተ ሰቦቻቸውና የንስሐ አባታቸው ብቻ ናቸው። ስሙ እዚህ በረት ውስጥ ከቀረ፣ ሳይፈቱ ሊሄዱ ነው። የፈሩት ይህን እንጂ ሞቱን አልነበረም።

"የዓለም ስሜን መዝገባቸው ላይ ጽፈውታል፣ ይጻፉት" አሉኝ። "ይሄኛውን ግን ከካህን በቀር ለማንም አትስጥ።"

"ለማንም አልሰጥም፣ አባቴ።"

"ደግሞ አትርሳው። በዚያ ሁሉ ቢራቢሮ መካከል እንዳይጠፋብህ።"

ሊነጋ ሲል ዐረፉ። እኔና ሌላ እስረኛ ተሸክመን አወጣናቸው፤ ጋሪው እስኪመጣ ግድግዳው ሥር አስተኟቸው ተባልን። የምንሸፍንበት አልነበረንም። ዐይናቸውን ከደንኩ፣ እጃቸውን አጣጠፍኩ፤ አንዱ እጃቸው ግን አልረጋ ብሎ ወደ ጎን ወደቀ።

ፀሐይዋ ግድግዳውን ስትነካ አንዲት ትልቅ ቢራቢሮ መጣች። ቡናማ ነች፣ የክንፏ ጠርዝ ወርቅማ፣ ከኋላዋ ሁለት ቀጫጭን ጭራ አላት። ዞር ዞር ብላ በረጠበው የቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ዐረፈች። ምን እየመጠጠች እንደሆነ ገባኝ። እጄን አንሥቼ ላባርራት ስል ከኋላዬ "ሽሽ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዶቶሬ ነው። ዘንጉን ይዞ በእግሩ ጣት እየተራመደ ይመጣል፤ በዚያ ከባድ ጫማው። ትንፋሹን ውጧል። በሕይወት ሳሉ አንድ እርምጃ ያልቀረባቸው ሰውዬ፣ አሁን ቢራቢሮዋ እንዳትደነግጥበት ብሎ የወደቀ እጃቸውን ቀስ ብሎ ተሻገረ። ሻሹን ጣለው። ለአፍታ ያህል ሻሹ ጉልበታቸውን ሸፈነው። የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው ቢሉ በሻሽ፣ የኋለኛው እንዳይሸሽ ይባላል። እኚያን ሰው የነካቸው ሻሽ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ወዲያው አነሣው።

ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

"ስሟን..." አለ አስካሪው፤ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

በራሴ ውስጥ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሱም የሷ አይደለም። ዝም ብል ደግሞ ሌላ ሰው ይወሰዳል፣ እኔ በረት እቀራለሁ፣ ቀራንዮ አልደርስም። "የሚዜ ካባ" አልኩት። ጻፈው። አፌ እስከ ቀትር ድረስ ሬት ሬት አለኝ።

ደስታው መጠን ስላጣ ጓደኛዋን ልፈልግ ብሎ በቀጥታ ወደ ቀራንዮ ደን ወሰደን። ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ውጭ አንድ አረጋዊ ቄስ ተቀምጠው ነበር። ዶቶሬ ዘንጉን ይዞ ወደ ዛፎቹ ገባ።

"መስቀል ልሳለም" አልኩት አስካሪውን።

ወደ ዛፎቹ አየ። "ቶሎ በል" አለኝ።

ባልዲውን አስቀምጬ ሄድኩና ተንበረከክኩ። መስቀሉን እየተሳለምኩ፣ "አባቴ፣ አንድ ታሳሪ ዛሬ ጠዋት ዐረፉ። ሬሳቸውን አያገኙትም። ይፍቱልኝ" ብዬ ስሙን በጆሯቸው ነገርኳቸው። የማን ልጅ፣ የት አገር ብለው አልጠየቁኝም። ስሙን ደግመው አሉት። "እሱ ነው" አልኩ።

ቀና ስል ዶቶሬ ከጎኔ ቆሟል። ወረቀቱንም እርሳሱንም አውጥቷል።

"ለቄሱ ስም ስትነግር ሰምቷል" አለኝ አስካሪው። "የየትኛዋ ቢራቢሮ ስም ነው ይላል። ይጻፍ ይላል።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጠየቀኝን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ተጨማሪ ቃል ብፈጥርለት ኖሮ በሚቀጥለውም ቀን ነፋስና ፀሐይ አገኝ ነበር። ቄሱ ግን ፊቴ ናቸው፤ ስሙም ገና ከአፌ አልደረቀም።

"ይሄ ለሱ የሚሰጥ ስም አይደለም በለው።"

"እንዲህ ብዬ ልንገረው?"

"እንዲሁ ብለህ።"

ነገረው። ዶቶሬ በዘንጉ እጀታ አፌን መታኝ፤ ሁለት ጥርስ አወለቀ። ከዚያ ባልዲውን በእርግጫ ብሎ የባልዲውን ጥንብ እግሬ ላይ ደፋው። በሱው ላይ እየተራመድኩ ተመለስኩ። አጥሩን ሳናልፍ ከኋላዬ የቄሱ ድምፅ ተሰማኝ፤ ዝግ ብለው በግዕዝ ጀምረው ነበር። ዞሬ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ከበረቱ አልወጣሁም።

ዛሬም ሰኔ ሲገባ ቢራቢሮዎች ይመጣሉ። ቀራንዮ ቤት በቤት ቢሆንም ከየደጁ ጭቃ ላይ ይወርዳሉ። አልጠላቸውም፤ እነሱ የተቀመጡበትን ነገር አያውቁም። ሰውዬው ግን ያውቅ ነበር። በጣቱ ሲራመድ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ያቅለሸልሸኛል፤ ይቅር በል ሲሉኝ እሺ እላለሁ፣ ሆዴ ግን እሺ አይልም።

በየዓመቱ በዚያች ቀን ሄጄ ሙት ዓመታቸውን አስባለሁ። የድሮው ቄስ ካረፉ ቆይተዋል። ዘንድሮ ስሙን የተቀበሉኝ ወጣት ቄስ ናቸው።

"የሥጋ ዘመድዎ ናቸው?" አሉኝ።

"አይደሉም።"

"ታዲያ ምንዎ ናቸው?"

"ስማቸውን የነገሩኝ ሰው ናቸው" አልኩ።